የሚረዱትንም እንርዳ



በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ በተነሣው ግጭትና ጦርነት ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። በይፋት ቆላ እህል የሚያድሉና በሽተኛ የሚያክሙ ሠራተኞችም የመከራው ተካፋዮች ነበሩ። ሸክሙ ሲበዛ ጉልበት ይዝላል፣ ልብ ከሥራው ይርቃል፣ የሠሩትም ከንቱ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ መዛል ከረጅም የሥራ ጫና እንደሚመጣ ገልጿል፤ ስለዚህ ስንፍና ወይም የእምነት ማነስ አንበለው።

ለዚህ የሚረዳ ቀላል ልምምድ አለ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በታተመ ጥናት 228 የጤና ሠራተኞች ለ15 ቀናት በየማታው መልካም የሆኑላቸውን ሦስት ነገሮች በኢንተርኔት እንዲጽፉ ተጠየቁ። መዛላቸውም በአማካይ ቀነሰ፤ ጥናቱ ግን ከማይጽፉ ሰዎች ጋር አላወዳደራቸውም።

እኛም ከመተኛታችን በፊት፣ «ከስቶ የነበረው ሕፃን ዛሬ ክብደት ጨመረ» ብለን፣ የእኛንም ድርሻ ጨምረን እንጻፍ። የደከመ አእምሮ ክፉው ላይ ያተኩራልና መልካሙን በብዕር እንያዘው። ኔትወርክ ከሌለ ደብተር ይበቃል።

ይሁን እንጂ ይህ ዕረፍትን አይተካም። የፕሮጀክት ኃላፊዎች ፈቃድና ተተኪ ሰው ይስጡ፤ እናንተም ለተረጂው ስትጸልዩ ረጂውን አትርሱ።