የሞተር ዘይት ማጣሪያን ጥራት መመርመር

የመኪና ሞተር ሲሠራ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ነዳጁም ሲቃጠል ጥላሸት ይተዋል። ከዚህ የሚወጣው ደቃቅ ጉድፍ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ይዞራል። ጉድፉ ካልተለየ፥ ሞተሩን ሊያለሰልስ የገባው ዘይት እንደ ሞረድ ይበላዋል። አሜሪካዊው ኧርነስት ስዊትላንድ እ.ኤ.አ. በ1923 የዘይት ማጣሪያ የፈለሰፈው ይህን ጉዳት ለመከላከል ነው። በጋራዦቻችን ፊልትሮ የሚባለው ይኸው ዕቃ ነው። ዋጋው ከሞተር እድሳት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ መኪናው የቤተሰብ እንጀራ ለሆነበት ሰው ግን ምርጫው ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለት ፊልትሮዎች ቢቀርቡላችሁ የትኛውን ትመርጣላችሁ? የቆርቆሮው ቀለምና ክብደት አይበቃም፤ ሥራውን የሚሠራው በውስጡ የተሸሸገው ነውና። ስለዚህ ያገለገለውን ፊልትሮ በመቁረጫ ከፍታችሁ መርምሩ።

አንደኛ፥ ወረቀቱን ተመልከቱ። ሰፊው ወረቀት በጠባብ ስፍራ እንዲገባ እንደ ቀሚስ ተሸንሽኗል። ሽንሽኖቹ እኩል መራራቅ፥ ጫፎቻቸውም በሚገባ መጣበቅ አለባቸው። ወረቀቱ ከተቀደደ ወይም ከማጣበቂያው ከተላቀቀ ዘይቱ ሳይጣራ በክፍተቱ ያልፋል።

ሁለተኛ፥ ዘይቱ እንዳይመለስ የሚያግደውን የጎማ ክዳን በጣታችሁ እጠፉት። ክዳኑ ደርቆ ከተሰነጠቀ ሞተሩ ቆሞ ሲያድር ዘይቱ ወደ ታች ይወርዳል። ጧት ሲነሣም ዘይቱ እስኪደርስ ድረስ ሞተሩ በደረቁ ይፋተጋል።

ሦስተኛ፥ ማሳለፊያውን ቫልቭ ፈትሹ። ዘይቱ በብርድ ሲወፍር ወይም ወረቀቱ ሲደፈን ይህ ቫልቭ ተከፍቶ ዘይቱን ሳይጣራ ያሳልፋል፤ ሞተር ጨርሶ ዘይት ከሚያጣ ያልተጣራውን ቢያገኝ ይሻላልና። ነገር ግን ሞላው የላላ እንደ ሆነ ቫልቩ ያለጊዜው እየተከፈተ የማጣሪያውን ሥራ ከንቱ ያደርገዋል።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈውንም በማስተዋል አንብቡ። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። «20 ማይክሮን» የሚለው ቃል ብቻውን ግን ብዙ አይነግርም። ይህን ከሚያክለው ጉድፍ ከመቶ 50ውን የሚይዘውም፥ 99ኙን የሚይዘውም ያንኑ ቁጥር ሊጽፍ ይችላል። ትክክለኛው መጠን የሚታወቀው አይ.ኤስ.ኦ. 4548-12 በተባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ሲፈተሽ ነው። ደግሞም የብሎኑ ጥርስ ስለ ገጠመ ብቻ አትርኩ፤ ቁጥሩ ለመኪናው የተወሰነው መሆኑን አረጋግጡ።

እንግዲህ የማጣበቂያውን መላቀቅ በዓይናችን ማየት እንችላለን፤ ወረቀቱ ምን ያህል ጉድፍ እንደሚይዝ ግን በመለኪያ እንጂ በዓይን አይታወቅም። ያዩትን ከገመቱት፥ የገመቱትንም በመለኪያ ከተረጋገጠው ለይቶ መናገር የመርማሪም የጸሐፊም ግዴታ ነው።

መልመጃ

1. «ስለዚህ»፥ «ነገር ግን» እና «እንግዲህ» የተባሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ የትኛውን ሐሳብ ከየትኛው ጋር እንዳያያዙ አስረዱ።
2. በቤታችሁ ከምትገለገሉባቸው ዕቃዎች አንዱን መርጣችሁ፥ ጥራቱ የሚታወቅባቸውን ሦስት ምልክቶች ከነምክንያታቸው በአንድ አንቀጽ ጻፉ።