ከጦር ሠራዊት የተረፈ ጠመንጃን በዐይን አይቶ ስለ መግዛትና በትእዛዝ ስለ ማስመጣት

በቅሎ ለመግዛት ገበያ የወጣ ሰው አስቀድሞ ጥርሷን ገልጦ ዕድሜዋን ይገምታል፤ ኮርቻዋን አስወርዶ ጀርባዋ ቁስል እንደሌለበት ይመለከታል፤ ከዚያም ጥቂት አስሄዶ አረማመዷን ያያል። ሻጩም በበኩሉ ገዢው ማን እንደ ሆነ፣ ከወዴት እንደ መጣ፣ ዋስ የሚሆነው ሰው እንዳለው ይጠይቃል። እንግዲህ በገበያ በሚደረግ ሽያጭ ሁለት ዐይነት መተያየት አለ፤ ይኸውም ገዢው ዕቃውን ያያል፣ ሻጩም ገዢውን ያያል። በደብዳቤ ወይም በኢንተርኔት በሚደረግ ትእዛዝ ግን ሁለቱም ይቀራሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ የዚህ አለመተያየት ጉዳት ምን እንደ ሆነና በምን እንደሚተካ፣ በአሜሪካ አገር ከጦር ሠራዊት ተርፎ ለሕዝብ የሚሸጠውን ጠመንጃ ምሳሌ በማድረግ መግለጽ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ምሳሌያችን ኤም ዋን ጋራንድ የተባለው ጠመንጃ ነው። ይህ መሣሪያ በ1936 በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ተቀባይነት አግኝቶ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና በኮሪያ ጦርነት አገልግሏል። በአንድ ጊዜ 8 ጥይት ይጎርሳል፤ ክብደቱም 4 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም፤ በ1951 ኮሪያ የገባው የቃኘው ሻለቃ ጦር ይዞት ተዋግቷል። ሠራዊቱ ወደ አዲስ መሣሪያ ሲሻገር አሮጌዎቹ ከፊሎቹ በግምጃ ቤት ተቀመጡ፣ ከፊሎቹም ለወዳጅ አገሮች ተሰጡ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ተመልሰው በ1996 በወጣ ሕግ በተቋቋመውና ሲ. ኤም. ፒ. በሚባለው ድርጅት አማካይነት ይሸጣሉ። ገዢው የአሜሪካ ዜጋ መሆን፣ ዕድሜው 18 ዓመት መሙላት፣ ከታወቀ የተኳሾች ማኅበር አባል መሆንና ያለፈ ታሪኩ መመርመር አለበት። ድርጅቱ በአላባማ ክፍለ ግዛት በአኒስተን ከተማና በኦሃዮ ክፍለ ግዛት በካምፕ ፔሪ መሸጫ ቤቶች አሉት፤ ለሩቅ ሰው ደግሞ በትእዛዝ ይልካል።

አዲስ ዕቃ ከአንድ ፋብሪካ ሲወጣ አንዱ ካንዱ አይለይም፤ ስለዚህ ሳያዩ ቢያዙት ጉዳቱ ትንሽ ነው። አሮጌ ጠመንጃ ግን እንደ ሰው እያንዳንዱ የየራሱ ታሪክ አለው። አንዱ በግምጃ ቤት ግራሶ ተቀብቶ ዐርባ ዓመት ሲተኛ፣ ወንድሙ በዝናብና በጭቃ ውስጥ ሲተኮስበት ኖሯል። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ ሠራዊት ይጠቀምባቸው የነበሩት የዚህ ጠመንጃ ጥይቶች በሚተኮሱበት ጊዜ በበርሜሉ ውስጥ ጨው መሰል ነገር ይተዉ ነበር። ይህም ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበትን ስለሚስብ፣ ወዲያውኑ በውሃ ካልታጠበ በርሜሉን በዝገት ይበላዋል። ከዚህም ሌላ ጋራንድ ከኋላ በኩል ለመወልወል የማይመች በመሆኑ፣ ወታደሩ መወልወያውን ዘንግ በአፈ ሙዙ በኩል ያስገባል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ የተወለወለ ጠመንጃ ብዙ ካልተተኮሰም እንኳ አፈ ሙዙ ይሰፋል።

በመሸጫው ቤት የተገኘ ገዢ ይህን ሁሉ ራሱ ሊመረምር ይችላል። በበርሜሉ ውስጥ ብርሃን አሳልፎ ጥምዝ መስመሮቹ ስለታም መሆናቸውን ያያል። የአፈ ሙዙን ስፋት በመለኪያ ይለካል፤ መለኪያ የሌለው ሰው ባሩድ የሌለበትን ጥይት በእርሳሱ በኩል አፈ ሙዙ ላይ ያስገባል፤ ጥይቱ እስከ ቀለሁ ጫፍ ድረስ ከሰመጠ አፈ ሙዙ በጣም ያለቀ ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ግን በመቀባበያው ፊትና በቀለሁ መቀመጫ መካከል ያለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት ከልኩ ከበለጠ ቀለሁ በተኩስ ጊዜ ሊተረተርና ትኩስ ጋዝ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ለዚህ የተዘጋጀ መለኪያ አለ፤ በዐይን ብቻ አይታወቅም። ስለዚህ በአካል መገኘት የሚጠቅመው ምን እንደሚመለከት ለሚያውቅ ሰው ነው። የማያውቅ ሰው የሰደፉን እንጨት ውበት አይቶ ያለቀ በርሜል ይዞ ሊመለስ ይችላል።

በትእዛዝ የሚገዛ ሰው የራሱን ዐይን በሌላ ሰው ዐይን ይተካል። የድርጅቱ ባለሙያዎች እያንዳንዱን ጠመንጃ መርምረውና ለክተው በደረጃ ይመድቡታል፤ ገዢውም የሚያዝዘው አንዱን ጠመንጃ ሳይሆን ደረጃውን ነው። ደረጃው ጠመንጃው ከዚህ በታች እንደማይወርድ ቃል ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው ግን እንደ ዕድል ነው። የፋብሪካው ስም፣ የእንጨቱ መልክ፣ የተሠራበት ዘመን በደረጃው ውስጥ አይገለጥም። አንዳንድ የግል ነጋዴዎችም ተጨማሪ ገንዘብ ለከፈለ ሰው ከብዙዎቹ መካከል የተሻለውን እንመርጥለታለን ይላሉ። ይህም ያው የገዢውን ዐይን በኪራይ መያዝ ነው። በሌላው ወገን በአካል የሚሄደው ሰው የመንገድ፣ የምግብና የማደሪያ ወጪ አለበት። ሁለት ቀን ተጉዞ የሚመጣ ሰው ይህን ወጪ በጠመንጃው ዋጋ ላይ ደምሮ ቢያሰላው፣ በትእዛዝ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መግዛት ይሻለው እንደ ነበር ሊያገኝ ይችላል።

እስካሁን የተነገረው ስለ ገዢው ኪሳራ ነው። ሻጩ ገዢውን አለማየቱ የሚያመጣው ጉዳት ግን በገዢው ላይ ብቻ አይቀርም። በ1963 መጋቢት ወር አንድ ሰው ከመጽሔት ማስታወቂያ ላይ ቆርጦ በላከው ወረቀት፣ በሐሰት ስም፣ ከቺካጎ ከተማ ካርካኖ የተባለውን ከኢጣሊያ ጦር የተረፈ ጠመንጃ አዘዘ። ዋጋው ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር፤ ጠመንጃውም በፖስታ ሣጥን ቁጥር ተላከለት። ሻጩ የገዢውን ፊት አላየም፤ እንዲያይም ሕግ አላስገደደውም። በዚያው ዓመት ኅዳር 22 ቀን ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በዳላስ ከተማ በዚህ ጠመንጃ ተገደሉ።

ከብዙ ክርክር በኋላ በ1968 የወጣው ሕግ ጠመንጃን ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው በፖስታ ለግለሰብ መሸጥን በጠቅላላው ከለከለ። ዛሬ በኢንተርኔት ያዘዘ ሰው ጠመንጃው የሚደርሰው በአካባቢው ወዳለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ነው፤ እዚያም መታወቂያውን አሳይቶ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ታሪኩ ተመርምሮ ይረከባል። አሮጌ መሣሪያ ለመሰብሰብ ልዩ ፈቃድ ያላቸው ሰዎችና ከላይ የተጠቀሰው ድርጅት ደንበኞች በቤታቸው ሊቀበሉ ይችላሉ፤ ነገር ግን እነርሱም አስቀድመው ተመርምረዋል። ስለዚህ ሕጉ ትእዛዝን አላጠፋውም፤ የቀረውን መተያየት ግን መለሰበት። በአንጻሩ ሁለት ግለሰቦች ፊት ለፊት ተገናኝተው ሲሻሻጡ የአገሪቱ ማዕከላዊ ሕግ ምርመራ አያዝዝም፤ የሚያዝዙት አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ናቸው። ከዚህ የምንረዳው ፊት ማየት ብቻውን ሰውን ማወቅ እንዳልሆነ ነው።

ጉዳዩ የእኛንም አገር ይነካል። አባቶቻችን ስናድር፣ ውጅግራና ምንሽር ብለው የሰየሟቸው ጠመንጃዎች ከውጭ በግዢ የመጡ ወይም ከጠላት የተማረኩ ነበሩ። በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ ግምጃ ቤቶች የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች፣ ከእነርሱም መካከል ካርካኖና ማውዘር የተባሉት፣ ወደ አሜሪካ ተወስደው በኢንተርኔት ተሽጠዋል። የደረጃ ሠንጠረዥ ለእነዚህ የሚሰጠው ቃል አጭር ነው፤ ያረጀ፣ የተሰነጠቀ፣ ዕቃው የጎደለ ይላል። ሰደፉ ተሰንጥቆ በጠፍር የተጠገነ ጠመንጃ ቢገኝ ሠንጠረዡ ስንጥቁን ይቆጥራል፤ ጥገናውን ግን እንደ ታሪክ አይመዘግብም። ይህን ሊያይ የሚችለው ጠመንጃውን በእጁ የያዘና ከየት እንደ መጣ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ከግምጃ ቤት ከመውጣታቸው በፊት በሚያውቅ ሰው ዐይን ቢመረመሩና ቢመዘገቡ ለታሪክ ጥናት ትልቅ ጥቅም በሰጡ ነበር።

በጠቅላላው ሲታይ፣ ዕውቀት ያለውና መንገዱ የሚቀርበው ገዢ ሄዶ አይቶ ቢገዛ ይጠቀማል። ዕውቀቱ የሌለው ግን የታመነ ድርጅት በሰጠው ደረጃ ተማምኖ ቢያዝዝ ይሻለዋል፤ ከመተኮሱ በፊትም ለጠመንጃ ሠሪ ማስመርመር ይገባዋል። የገዢው ስሕተት የሚጎዳው ከሁሉ በፊት ራሱን ነው። ሻጩ ገዢውን ሳያውቅ የሸጠው መሣሪያ የሚጎዳው ግን በግዢው ያልነበረውን ሦስተኛ ሰው ነው። የ1963ቱ ሽያጭ ያስተማረውም ይህንኑ ነው።