ልጅዎ «ማርሽ ባንድ ልግባ» ስትልዎ

ነቀምቴ ውስጥ፣ ከሥራ ተመልሰው እራት ለማቅረብ በሚጣደፉበት ሰዓት፣ ዘጠነኛ ክፍል የደረሰችው ልጅዎ «እማዬ፣ ትምህርት ቤታችን ማርሽ ባንድ ሊያቋቁም ነው፤ ጡሩምባ ልማር ተመዝግቤአለሁ» ብላ የፈቃድ ወረቀት ብታቀርብልዎ ምን ይመልሱላታል? «ትምህርቷስ? የቤቱስ ሥራ? ሲመሽ ከማን ጋር ትመለሳለች?» ብለው ማሰብዎ አይቀርም። ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ «አይሆንም» ከማለት በፊት ነገሩን መርምሮ ማወቅ ይበጃል።

ማርሽ ባንድ በሰልፍ እየተጓዘ የሚጫወት የሙዚቃ ጓድ ነው። ጡሩምባው፣ ትሮምቦኑ፣ ክላርኔቱና ሳክስፎኑ ዜማውን ሲይዙ፣ ከበሮውና ጸናጽሉ እርምጃውን ይመራሉ። አንዱ ቢዘገይ ወይም ቢቀር የሁሉም ሥራ ይጓደላል። በመሆኑም ልጆች ሰዓት ማክበርንና ሌላውን ማዳመጥን በምክር ብቻ ሳይሆን በተግባር ይማሩበታል።

ሙያው ወጣቶችን ለቁም ነገር ሲያበቃም በአገራችን ታይቷል። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ፣ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ 40 ወላጅ አልባ ልጆች በባንድ ሲጫወቱ አይተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የተባሉት እነዚህ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች ሆኑ። ዝነኛው የሳክስፎን ተጫዋች ጌታቸው መኩሪያም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1949 ሥራ የጀመረው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ነበር። እርግጥ ባንድ የገባ ተማሪ ሁሉ ሙዚቀኛ አይሆንም። ነገር ግን የተማረው ሥርዓት በየትኛውም ሙያ አብሮት ይዘልቃል።

ፈቃዱን ከመፈረምዎ በፊት ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደው ይጠይቁ። ልምምዱ በሳምንት ስንት ቀን ነው? በስንት ሰዓት ያበቃል? በፈተና ሰሞን ይቋረጣል? የደንብ ልብሱን የሚያሰፋው ማን ነው? መሣሪያው የትምህርት ቤቱ ንብረት ከሆነ፣ ቢሰበር ኃላፊው ማን እንደሚሆን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። ልጅዎ መሣሪያውን ስትረከብ የተጣመመውና የጎደለው ነገር በጽሑፍ ቢመዘገብ፣ በኋላ ከሚመጣ የዕዳ ጭቅጭቅ ያድናል። የነቀምቴ ክረምት ዝናቡ ብዙ እንደ መሆኑ፣ መሣሪያው እርጥበት ባለበት ወለል ላይ መቀመጥ የለበትም። የቆዳ ከበሮ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፤ በክላርኔትና በሳክስፎን ቀዳዳዎች ላይ ያሉት ለስላሳ ክዳኖችም ይበላሻሉ።

ስለ ጤናም ማወቅ የሚገባን ነገር አለ። የጤና ባለሙያዎች እንደሚሉት 85 ዴሲቤል የሚደርስ ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ሲሰማ ጆሮን ይጎዳል። ድምፁ 100 ዴሲቤል ከደረሰ ግን 15 ደቂቃ ብቻ ይበቃል። ከበሮና ጡሩምባ በቅርብ ሲሰሙ እዚህ መጠን ሊደርሱ ይችላሉ። ስለዚህ ልምምዱ በጠባብ ክፍል ሳይሆን በሜዳ ቢሆንና በየመሀሉ ዕረፍት ቢኖር ይመረጣል። ጥጥ በጆሮ መወተፍ ብዙም አይከላከልም፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ የጆሮ መከላከያ ይሻላል። ልጅዎ ከልምምድ በኋላ «ጆሮዬን ጭው ይለኛል» ካለች ነገሩን ችላ አይበሉት።

የሚነፋ መሣሪያ ለሁለትና ለሦስት ተማሪ የሚዳረስ ከሆነ፣ ከአፍ የሚገጥመው ጫፍ ከአንዱ ወደ ሌላው ከመተላለፉ በፊት በለብታ ውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት። ሁለት ሳምንት የቆየ ሳል ያለበት ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። አስም ያለባት ልጅ ደግሞ አስቀድማ ሐኪም ታማክር። ከባድ ከበሮ በአንድ ትከሻ ብቻ ሲንጠለጠል ጀርባን ስለሚያሳምም ማንገቻው በሁለቱም ትከሻ መዋል ይኖርበታል። በሰልፍ ቀን ቁርስ ሳይበሉ መውጣት፣ ውኃ አለመያዝና እግር የማይለምደው አዲስ ጫማ ማድረግም በመንገድ ላይ ለመዝለፍለፍና ለቁስል ይዳርጋሉ።

ከሁሉም በላይ ግን ልናስብበት የሚገባው አንድ ነገር አለ። ጥያቄውን ያቀረበው ወንድሟ ቢሆን ኖሮ «ውኃውን ማን ይቀዳል? ሕፃኑን ማን ይይዛል?» ብለን እንጠይቀው ነበር? ሴት ልጅ ባንድ እንዳትገባ የሚያግዳት ብዙ ጊዜ የትንፋሽ ማነስ ሳይሆን በቤት የሚጠብቃት ሥራ ነው። ወንድሟ ሁለት ቀን ውኃ ቢቀዳ፣ አባትም አንድ ምሽት ሕፃኑን ቢይዝ፣ ቤቱ አይፈርስም፤ ልጅቷ ግን የልምምድ ጊዜ ታገኛለች። ሲመሽ የሚያሳስበውን መንገድም ቢሆን የአንድ ሰፈር ወላጆች ተነጋግረው ልጆቻቸው አብረው እንዲመለሱ፣ ተራ በተራም ሰው እንዲቀበላቸው ማድረግ ይችላሉ።

እንግዲህ እናት ሆይ፣ ወረቀቱን ይዘው መጀመሪያ መምህሩን ያነጋግሩ፤ ቀጥለውም ባለቤትዎንና ልጆችዎን ሰብስበው የቤቱን ሥራ ያከፋፍሉ። ትምህርቷና ጤንነቷ ከተጠበቁ፣ መመለሻዋም ከታወቀ ይፈርሙላት። በወላጆች ቀን የትምህርት ቤቱ ባንድ በፊትዎ ሲያልፍ፣ ከጡሩምባዎቹ መካከል አንዱን የምትነፋው የእርስዎ ልጅ ትሆናለች።