«42 ኩንታል ይጎትታል» የተባለው መኪና

በአሜሪካ የመኪና ገበያ ትልልቆቹ የመስክ መኪኖች የሚሸጡት በአንድ ቁጥር ነው። ሻጩ ከሞተሩ ጉልበት ቀጥሎ የሚጠራው የመጎተት አቅሙን ነው። ፎርድ ለ2018 ሞዴል ኤክስፔዲሽን የሰጠው ቁጥር እስከ 9,300 ፓውንድ ይደርሳል፤ ይህም በአገር ቤት ነጋዴ አቆጣጠር 42 ኩንታል ግድም ነው። ገዢው ይህን ቁጥር በጭንቅላቱ ይዞ ዕቃው ሁሉ ተጭኖበት 32 ኩንታል የሚመዝን ካራቫን ፊት ይቆምና «አሥር ኩንታል ይተርፈኛል» ብሎ ይዋዋላል። ስሌቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

የካራቫን ገበያ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ብዙ አዲስ ገዢ አይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ሆቴልና አውሮፕላን የሸሸው አሜሪካዊ ፊቱን ወደ ተሳቢ ቤት በማዞሩ፣ በ2021 ከፋብሪካ የወጡት የመዝናኛ ተሽከርካሪዎች ቁጥር 600,240 ደርሶ ነበር። በ2023 ግን ወደ 313,174 ወረደ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ በግርግሩ ከተገዛው ውስጥ ጥቂት የማይባለው ሁለተኛ እጅ ሆኖ ገበያ ላይ ወጥቷል። ለቤተሰብ መዝናኛ ከሚፈልገው ሌላ፣ ገዝቶ ለማከራየት የሚያሰላም አለ። ጥቁር ሰበርባን ይዘው የኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልሱ ለኖሩት በአሜሪካ ላሉ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ጎታቹ መኪና ደጃፍ ላይ የቆመ ስለሚመስላቸው ሐሳቡ ቅርብ ነው።

የመጎተት አቅም ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይጠቅማል። አብዛኞቹ አምራቾች የሚከተሉት የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር መለኪያ ነው። በፈተናው ውስጥ በአሪዞና ዴቪስ ዳም አጠገብ ያለው 18 ኪሎ ሜትር ግድም ዳገት ይገኛል፤ መኪናው ቀዝቃዛ አየር ማሰራጫው እንደተከፈተ፣ ተሳቢውን እየጎተተ በሰዓት ከ64 ኪሎ ሜትር ሳይወርድ መውጣት አለበት። ፈተናው ቀላል አይደለም። ነገር ግን በመኪናው ውስጥ ተቀምጠዋል ተብለው የሚታሰቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ክብደታቸውም እያንዳንዳቸው 68 ኪሎ ነው። ሦስት ልጆች፣ የምግብ ማቀዝቀዣና በፖርቶመጋላው ላይ የታሰረ ሻንጣ በስሌቱ ውስጥ የሉም።

ገዢው መጀመሪያ ማንበብ ያለበት ቁጥር በሻጩ ወረቀት ላይ አይገኝም። የሹፌሩ በር ሲከፈት በብረቱ ላይ ቢጫና ነጭ ቀለም ያለው ወረቀት ተለጥፎ ይታያል፤ የተሳፋሪና የጭነት ድምር ከዚህን ያህል ኪሎ መብለጥ የለበትም ይላል። ይህ ቁጥር ለዚያው መኪና ብቻ የተሰላ ነው። የመስታወት ጣሪያ፣ የቆዳ ወንበርና ሌላው ምቾት በጨመረ ቁጥር የሚሸከመው ይቀንሳልና፣ በጣም የተሽሞነሞነው መኪና ከሁሉ ያነሰ የመሸከም አቅም ይዞ ሊገኝ ይችላል።

ተሳቢ ደግሞ መጎተት ብቻ ሳይሆን መሸከምም ይፈልጋል። ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶው በጋንቾው ላይ ያርፋል፤ ይህም ከመኪናው የመሸከም አቅም ላይ ይቀነሳል። በምሳሌ እንየው። በሩ ላይ 700 ኪሎ ተጽፏል እንበል። የ32 ኩንታሉ ካራቫን በ13 በመቶ ሲሰላ ጋንቾው ላይ 416 ኪሎ ይጥላል። የጋንቾው ዕቃ ራሱ 40 ኪሎ ቢመዝን 244 ኪሎ ይቀራል። አባት 80፣ እናት 70፣ ሦስት ልጆች 40 40 ኪሎ ሲሆኑ ድምሩ 270 ነው። አንድም ሻንጣ ሳይገባ መኪናው 26 ኪሎ ከልክ አልፏል፤ በሻጩ ቁጥር ግን ገና አሥር ኩንታል ይቀረዋል።

በዚህ ላይ የካራቫን ሻጭ የሚጠራው ክብደት የባዶውን ነው። ውኃው፣ የጋዝ ሲሊንደሩ፣ ምግቡና አልጋ ልብሱ አልተቆጠሩም። 150 ሊትር የሚይዝ በርሜል ሲሞላ ብቻውን አንድ ኩንታል ተኩል ነው።

ታዲያ ጋንቾው ላይ የሚያርፈውን ለምን አይቀንሱትም? የሚል አይጠፋም። የሚሞክሩ አሉ፤ ከባዱን ዕቃ ወደ ካራቫኑ ጀርባ ይገፉታል፣ ከኋላ መከላከያው ላይ ብስክሌትና ጄኔሬተር ይሰቅላሉ። ጀርባው የከበደ ተሳቢ በከተማ ውስጥ ምንም አይመስልም። አውራ ጎዳና ላይ ፍጥነት ሲጨምር፣ ትልቅ የጭነት መኪና አልፎ ነፋሱ ሲመታው ወይም ቁልቁለት ሲጀምር ግን ጅራቱ ይወዛወዛል። አንዱ ውዝዋዜ የሚቀጥለውን እያበረታ ሄዶ የጎታቹን መኪና ጀርባ ይዞ ይዞራል። ሹፌሩ በድንጋጤ የእግር ፍሬኑን ቢረግጥ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፤ መሪውን ቢያማታም ነገሩን ያብሳል። የሚበጀው መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ፣ እግርን ከነዳጅ ማንሳትና የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ መሳብ ነው። ይህ እንዳይመጣ ግን ከባዱ ዕቃ ከተሳቢው አክስል ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ መጫን አለበት። በጂቡቲ መስመር ተሳቢ የጎተተ ሹፌር ጭነት ሲደረደር ቆሞ የሚቆጣጠረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ሌላም ጣጣ አለው። የሚጫነው ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ስለሆነ መኪናውን እንደ ምሳር ያነሳዋል፤ ጀርባው ይቀመጣል፣ አፍንጫው ቀና ይላል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪው ይለሰልሳል፣ የፊት ፍሬን አቅም ያጣል፣ በማታም መብራቱ የመጪውን ሹፌር ዓይን ይመታል። ለዚህ መድኃኒቱ ክብደት አከፋፋይ ጋንቾ ነው። ሁለት የሚለጠጡ የብረት ዘንጎች ጫናውን ከፊሉን ወደ ፊት ጎማ፣ ከፊሉን ወደ ተሳቢው አክስል ይመልሳሉ። ልኩ የሚታወቀው በሜትር ነው፦ ተሳቢው ሳይያያዝ ከመሬት እስከ ፊት ጎማው ቅስት ድረስ ይለካል፤ ከተያያዘ በኋላ ይለካል፤ ዘንጎቹ ከተወጠሩ በኋላም እንደገና። ከተነሳው ምን ያህሉ መመለስ እንዳለበት የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ይናገራል። ብዙ ማጥበቅ የኋላ ጎማውን ያቀልና በተራው አደጋ ያመጣል። ሻጮች አንዳንዴ እንደሚሉት ይህ ጋንቾ በበሩ ላይ የተጻፈውን ልክ አይጨምርም። ጀርባው እንዳይቀመጥ ብቻ ተብሎ የሚገባው የአየር ከረጢትም መኪናውን ቀና ያደርገዋል እንጂ ለፊት ጎማው ክብደት አይመልስም።

ከመጎተት ቁጥሩ ይልቅ የመኪናው ርዝመት የሚናገርበት ጊዜም አለ። ረጅሙ ኤክስፔዲሽን ማክስ በወረቀት የሚጎትተው ከአጭሩ ጥቂት መቶ ፓውንድ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት በ23 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ረጅም ካራቫን ለሚጎትት ሰው እነዚህ 23 ሳንቲ ሜትሮች ከጠፋው ፓውንድ ይበልጥ ዋጋ አላቸው። ገበያው ግን የሚያወዳድረው ፓውንዱን ነው።

ፍሬንን በተመለከተ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ብዙዎቹ ከ3,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ያስገድዳሉ። የካራቫኑ ፍሬን በኤሌክትሪክ ስለሚሠራ በሹፌሩ አጠገብ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። ተሳቢው ቢበጠስ ፍሬኑን በራሱ የሚያስይዘው ሽቦ ደግሞ የሚሠራው ባትሪው ከሞላ ብቻ ነው። ብዙ የተሳቢ ጎማዎች በሰዓት ከ65 ማይል በላይ አልተሠሩም፤ በካሊፎርኒያ ሕጉ ራሱ ተሳቢ ለሚጎትት ከ55 ማይል በላይ አይፈቅድም።

የሊሙዚን ሥራ የሠራ ሰበርባን ለሚገዛ ወይም ላለው ደግሞ የተለየ ወጥመድ አለ። የመንገደኛ ማመላለሻ ሆነው የተገዙ መኪኖች ብዙ ጊዜ የመጎተቻ ፓኬጅ የላቸውም። ጋንቾ ከኋላ ስለታየ ብቻ ፓኬጁ አለ ማለት አይደለም፤ ተጨማሪ ማቀዝቀዣው፣ የፍሬን መቆጣጠሪያውና ባለ ሰባት ቀዳዳው የኤሌክትሪክ መሰኪያ አብረው መገኘት አለባቸው። ያለ ፓኬጁ የመጎተት አቅሙ በብዙ ይወርዳል። ጋንቾው ራሱም ወረቀት ተለጥፎበታል፤ በክብደት አከፋፋይና ያለ አከፋፋይ የሚችለው ሁለት የተለያየ ቁጥር ነው።

ክርክሩን የሚጨርሰው ሚዛን ነው። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ዳር በጭነት መኪና ማደያዎች ያሉት ሚዛኖች ለማንም ክፍት ናቸው፤ ዋጋቸውም ለአንድ ጊዜ ከ20 ዶላር በታች ነው። የየአክስሉን ክብደት ለይተው ስለሚሰጡ፣ መኪናው ከነቤተሰቡ ብቻውን፣ ከዚያ ከተሳቢው ጋር ዘንጎቹ ሳይወጠሩ፣ በመጨረሻም ተወጥረው መመዘን ነው። ሦስቱ ደረሰኞች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ከፊት ጎማ የጠፋው ምን ያህል እንደሆነና ምን ያህሉ እንደተመለሰ በግልጽ ይታያል። ሁለተኛ እጅ ካራቫን የሚገዛ ሰውም ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ሻጩን «ሚዛን ላይ አብረን እንሂድ» ቢለው የሚከለክለው ሕግ የለም።