ራውተሩ ምን ያስታውሳል?

በመርካቶ ሰባተኛ ዙሪያ ካሉት የገበያ ሕንፃዎች ወደ አንዱ የገባ ሰው ዓይኑ ሸቀጡ ላይ ያርፋል እንጂ ከደረጃው ሥር ወይም ከኮሪደሩ ጫፍ የተሰቀለውን የብረት ሳጥን ልብ አይለውም። ሳጥኑ ውስጥ ራውተርና ስዊች አሉ። የባንክ ቅርንጫፉ፣ የሱቁ የካርድ ማሽን፣ የጥበቃ ካሜራው ሥራቸው የሚሄደው በእነዚህ በኩል ነው። መርካቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ ሲዛወር ከተቆረቆረ ወዲህ ለብዙ ዓመታት ያደረው በጥሬ ገንዘብና በቃል ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የባንኮቹም የሞባይል አገልግሎት ተስፋፋ። ዛሬ ኔትወርክ ሲጠፋ ሸክሙን የተሸከመው ሰው ሳይቀር ቆሞ ክፍያው እስኪገባ ይጠብቃል።

መስመር ተቋርጦ የተጠራ ቴክኒሻን ላፕቶፑን በኮንሶል ገመድ ከመሣሪያው ጋር ያገናኛል። የሚከፈትለት ሥዕልም አዝራርም የሌለው፣ ትዕዛዝ እየጻፉ የሚያነጋግሩት ጥቁር ገጽ ነው። ትናንት ሲሠራ የነበረ ነገር ዛሬ ከቆመ የመጀመሪያው ጥያቄ «ከእኔ በፊት ማን ምን ነካ?» የሚል ነው። ለዚህ የተዘጋጀ የሚመስለው ትዕዛዝ እንደ መሣሪያው አምራች ይለያያል፤ በሲስኮ «ሾው ሂስትሪ»፣ በሁዋዌ «ዲስፕሌይ ሂስትሪ-ኮማንድ»፣ በጁኒፐር «ሾው ሲኤልአይ ሂስትሪ» ይባላል። መሣሪያው የተጻፉለትን ትዕዛዞች በቅደም ተከተል ይዘረዝራል። ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ወይም ኮንትሮልና ፒን በአንድነት ሲጫኑ ደግሞ ያለፈው ትዕዛዝ ተመልሶ ይመጣል፤ አርሞ እንደገና መላክ ይቻላል።

ያለፈን ትዕዛዝ መልሶ የማምጣት ነገር ከራውተር በፊት የነበረ ነው። የቀድሞዎቹ የኮምፒውተር ተርሚናሎች የተጻፈውን ሁሉ በጥቅል ወረቀት ላይ የሚያትሙ ቴሌታይፖች ነበሩ። ያን ጊዜ ታሪኩ ወረቀቱ ነበር፤ ወደ ኋላ ስቦ ማየት ይበቃል። መስታወት ያለው ስክሪን ሲተካው ከላይ ያለፈው መስመር ጠፍቶ ቀረ። በ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ቢል ጆይ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሠራው ሲ-ሼል የተባለው ፕሮግራም የቀደሙ ትዕዛዞችን እያስታወሰ በአጭር ምልክት እንዲደገሙ አደረገ። የዛሬው ራውተር የወረሰው ያንን ልማድ ነው። ዓላማው ጣት እንዳይደክም ማገዝ ነበር፤ ማን ምን እንዳደረገ ለመመስከር አልተሠራም። ችግሩ የሚጀምረው ይህንን ስንዘነጋ ነው።

ብዙው የሲስኮ መሣሪያ ካልተነገረው በቀር የሚያስታውሰው የመጨረሻዎቹን 10 ትዕዛዞች ብቻ ነው። «ተርሚናል ሂስትሪ ሳይዝ» በሚለው ትዕዛዝ እስከ 256 ማድረስ ይቻላል። የሁዋዌም መነሻ 10 ነው። አሥር ትዕዛዝ ማለት ችግር የሚፈልግ ቴክኒሻን በሁለትና ሦስት ደቂቃ የሚጽፈው ነው፤ አሥራ አንደኛውን ሲጽፍ የመጀመሪያው ይሰረዛል። ዝርዝሩ የሚገኘው በጊዜያዊው ማህደረ ትውስታ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ከዚያም በላይ ዝርዝሩ የዚያ ግንኙነት ብቻ ነው። ትናንት ማታ ከቤቱ በርቀት ገብቶ የሠራ ሰው ሲወጣ ትዕዛዞቹ አብረውት ይሄዳሉ። ዛሬ ጠዋት በኮንሶል የገባው ባለሙያ «ሾው ሂስትሪ» ቢል የሚያየው ራሱ የጻፈውን ነው።

ከሁሉም የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። ሲስኮ ሁለት የተለያዩ ዝርዝሮች ይይዛል፤ አንዱ ለማየትና ለመመርመር የሚጻፉት ትዕዛዞች፣ ሌላው መሣሪያውን በሚለውጠው የኮንፊግሬሽን ክፍል የሚጻፉት። ከኮንፊግሬሽን ወጥቶ «ሾው ሂስትሪ» የሚል ሰው መስመሩን የዘጋችውን «ሻትዳውን» አያገኛትም። ዝርዝሩ ንጹሕ ነው፣ ጥፋቱ ግን ተፈጽሟል። ይህን ሳያውቁ «ማንም አልነካውም» ብለው ለባለንብረት የሚመሰክሩ አሉ፤ ቃላቸው ከልብ ቢሆንም ልክ አይደለም።

መርካቶ ላይ ነጋዴው ሒሳቡን ቀረብ ያለው ካርቶን ላይ ጫር ጫር ያደርጋል፤ ዱቤው ግን በደብተር ይሰፍራል። በካርቶኗ የሚከራከር የለም። ራውተሩም ደብተር አለው፣ ግን ካልታዘዘ አይጽፍም። ሲስኮ ላይ ይህ ደብተር የኮንፊግሬሽን ለውጥ ምዝገባ ነው። «አርካይቭ» ከሚለው ክፍል ገብተው «ሎግ ኮንፊግ»፣ ቀጥሎ «ሎጊንግ ኢኔብል» ሲሉ ይከፈታል። ከዚያ በኋላ መሣሪያውን የለወጠ እያንዳንዱ ትዕዛዝ ከነጻፊው መለያ ስም ይሰፍራል። «ሃይድኪስ» የምትለው መስመር አትረሳ፤ አለበለዚያ የይለፍ ቃል ጭምር በግልጽ ይመዘገባል። «ኖቲፋይ ሲስሎግ» ደግሞ የሰርቨር አድራሻ ለመሣሪያው ከተሰጠው መዝገቡን ከመሣሪያው ውጭ ወዳለው ሰርቨር ያስልካል፤ መሣሪያው ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ እንኳ መረጃው ይተርፋል። ጁኒፐር በዚህ በኩል ይሻላል እላለሁ። የጸደቁ ኮንፊግሬሽኖችን እስከ 50 ድረስ ይዞ ማን መቼ እንዳጸደቀ ያሳያል፣ ወደ ቀድሞውም ይመልሳል። ትናንሽ ድርጅቶች የሚገዙት ማይክሮቲክም «ሲስተም ሂስትሪ» በሚለው ክፍሉ የቅርብ ለውጦችን ይዘረዝራል፤ መሻርም ያስችላል።

ደብተሩ ቢከፈትም ሁለት ነገሮች ዋጋ ያሳጡታል። አንዱ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ከኔትወርክ እንዲያመሳስል ያልታዘዘ የቆየ የሲስኮ ስዊች ጠፍቶ ሲነሣ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 1993 መቁጠር ይጀምራል። መብራት በሚቆራረጥበት ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ያለ መዝገብ ትናንትንና ያለፈውን ወር አይለይም። ሁለተኛው የጋራ መለያ ስም ነው። አምስት ሰው «አድሚን» በሚል አንድ ስም ከገባ መዝገቡ የሚናገረው አድሚን እንዳደረገው ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ባለሙያ የራሱን ስም መስጠት ምንም አያስወጣም። ባንክን የመሰለ ትልቅ ድርጅት ደግሞ እያንዳንዱን ትዕዛዝ በማዕከል የሚመዘግበውን ታካክስ የተባለ ሥርዓት ሊጠቀም ይገባል።

የአንድ ትዕዛዝ ክብደት መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ምሽት ታይቷል። ፌስቡክ፣ ዋትስአፕና ኢንስታግራም በዓለም ዙሪያ ለስድስት ሰዓት ያህል ጠፉ። ኩባንያው በኋላ እንዳስረዳው፣ በመደበኛ ጥገና ወቅት የዋናውን መስመር አቅም ለመለካት የተሰጠ ትዕዛዝ ሳይታሰብ የመረጃ ማዕከላቱን ግንኙነት በሙሉ አቋረጠ። እንዲህ ያለውን ስሕተት እንዲያስቆም የተሠራው መርማሪ ፕሮግራምም ራሱ ጉድለት ነበረበት። በእኛ አገርም መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በደረሰው የሲስተም ችግር ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ያልመለሱትን ለይቶ በስም ይፋ ማድረግ የቻለው ግብይቱ ሁሉ ተመዝግቦ ስለነበረ ነው። ለገንዘቡ የምናደርገውን ጥንቃቄ ገንዘቡን ለሚያስተላልፈው መሣሪያ መንፈግ አይገባንም።

ሰባተኛም ይሁን ሌላ ቦታ ሱቅ፣ ሆቴል ወይም ቢሮ ያላችሁ፣ ነገ ቴክኒሻናችሁን ሦስት ነገር ጠይቁት። በመጨረሻ የገባው ማን ነው? ምን ጻፈ? መቼ? ከመዝገብ ላይ ካሳያችሁ አመስግኑት። በቃሉ ብቻ ከነገራችሁ ግን እዚያው እንዳላችሁ ምዝገባውን ያስጀምር፣ ሰዓቱንም ያስተካክል። ሲስኮ ላይ ምዝገባው የሚጠይቀው አምስት መስመር ብቻ ነው።