ቁስል ላይ ማር? የፋርማሲስት መልስ

«ቁስሌን ማር ብቀባው ምን ይለኛል?» አርባ ምንጭ ላይ ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ ነው። ከጨንቻ ደጋ የወረደ ማር በየቤቱ ስላለ አይገርመኝም።

ማር በእርግጥ ባክቴሪያ ይገድላል። ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ስለሆነ ከባክቴሪያው ላይ ውሃ ይመጥጣል፤ አሲዳማም ነው። ከቁስሉ ፈሳሽ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ ንቦች የጨመሩበት ኢንዛይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በትንሽ በትንሹ ያመነጫል። ኢንዛይሙን እሳት ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የሞቀ ማር ጉልበቱ ይቀንሳል። በስኳር የተበረዘውማ ጭራሽ አይታሰብ!

በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ተዘርቶ ማር ሲጨመርበት፣ ዙሪያው ምንም የማይበቅልበት ጥርት ያለ ክብ ይወጣል። ጎንደር ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ነጭ ማርን፣ ቢጫ ማርንና የጣዝማ ማርን መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ላይ ጭምር ሞክሯል። የበለጠው የጣዝማ ማር ነበር። አንቲባዮቲክ እየከዳን ባለበት ዘመን ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የጋሞ ማርም እንዲህ በጥንቃቄ ቢፈተሽ ደስ ይለኛል።

ግን ሳህን ሰው አይደለም። በሰው ላይ የተሻለው ማስረጃ ያለው ለቀላል ቃጠሎ ነው። ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ማርም በጋማ ጨረር የጸዳ ነው፤ የገበያው ማር ግን የባክቴሪያ ዘር ሊይዝ ይችላል።

ስኳር ሕመም ያለባችሁ፣ ቁስላችሁ የጠለቀ፣ መግል የያዘ ወይም ትኩሳት ያመጣ ከሆነ እባካችሁ ማር ቀብታችሁ ቤት አትቀመጡ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ።