ስለ መኪና የኋላ ፍሬን፤ ያረጀውን ስለ ማደስና ስለ መለወጥ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደሴ በኩል ወደ መቀሌ የሚሄደው ዐውራ ጎዳና በሲሪንቃ ያልፋል። የደሴ ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ሲሆን የሲሪንቃ ግን 1,850 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ አልፎ የሚመጣ መኪና ብዙ ቁልቁለት ይወርዳል። በቁልቁለትም የተሳፋሪውን ነፍስ የሚጠብቀው ከሾፌሩ ጥንቃቄ ቀጥሎ ፍሬኑ ነው። ፍሬንም አብዛኛውን ጊዜ ከመክዳቱ አስቀድሞ ምልክት ይሰጣልና ምልክቱን ማወቅ ለሁሉ ይጠቅማል።

የዲስክ ፍሬን አሠራር እንዲህ ነው። ከጎማው ጋራ አብሮ የሚዞር ዲስክ የሚባል የብረት ሰሐን አለ፤ ካሊፐር የሚባለውም አንጥረኛ በጉጠት ብረት እንደሚይዝ ይህን ሰሐን ከሁለት ወገን ይይዘዋል። ሾፌሩ ፔዳሉን በረገጠ ጊዜ የፍሬን ዘይት በቀጭን ቧንቧ ተገፍቶ በካሊፐሩ ውስጥ ያለውን ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑም ሸራውን ከዲስኩ ጋራ ያጣብቀዋል።

በዚህ ውስጥ ሦስት ነገሮች ያረጃሉ። መጀመሪያው ሸራው ነው፤ ውፍረቱ ወደ 3 ሚሊሜትር በወረደ ጊዜ ሊለወጥ ይገባዋል፤ ፈጽሞ ካለቀ ብረት ከብረት ጋራ እየተፋጨ ይጮኻል። ሁለተኛው የፒስተኑ ላስቲክ ነው፤ ሲቀደድ ውሃና አቧራ ገብቶ ፒስተኑን ያዝገዋል። ሦስተኛው ካሊፐሩ የሚንሸራተትበት ዘንግ ነው፤ ሲደርቅ ሸራው ከዲስኩ አይላቀቅም፤ ቸርኬውም ይግላል።

የሚያድሰው መካኒክ መኪናውን በሜዳማ ስፍራ ያቆማል፤ በፊት ጎማዎች ሥር ድንጋይ ያስደግፋል፤ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፤ በክሪክ አንሥቶም በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያሳርፈዋል። ካሊፐሩን ፈትቶ በሽቦ ያንጠለጥለዋል እንጂ በዘይት ቱቦው አይሰቅለውም። በብዙ መኪና የእጅ ፍሬኑ ከኋላው ካሊፐር ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ ፒስተኑ እንደ ፊተኛው በመግፋት ብቻ አይመለስም፤ እንደ ብሎን እየዞረ ይገባል። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚገፋ ሰው ውስጡን ይሰብራል። ላስቲኩ ብቻ ያረጀ እንደ ሆነ ላስቲኩ ይለወጣል፤ ፒስተኑና ቤቱ በዝገት ከተበሉ ግን ካሊፐሩ በሙሉ ይለወጣል። ሸራም የሚለወጠው በግራና በቀኝ አንድነት ነው፤ አለዚያ አንዱ ጎማ ከሌላው ይልቅ ይያዛል።

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። እርጥበት የጠጣ ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲግል ይፈላል፤ ፔዳሉም ሳይዝ ወደ ታች ይወርዳል። በእርሱ ፈንታ የሞተር ዘይት መጨመር ላስቲኮቹን አሳብጦ ፍሬኑን ያበላሻል። ሥራውም ሲፈጸም ከቧንቧው አየር ይወጣል፤ ፔዳሉ ተደጋግሞ ተረግጦ እስኪጠነክር ድረስም መኪናው ከስፍራው አይነሣም።

እንግዲህ መምህራን ለተማሪዎች፣ ሽማግሌዎችም ለመንደሩ ሰው ይህን ቢያስረዱ መልካም ነው። ሲቆም የሚጮኽ፣ ከጎማው ሥር ዘይት የሚያንጠባጥብ መኪና ያየ ሰው ቁልቁለቱ ሳይጀመር ለሾፌሩ ይንገር። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ሸራ በጊዜው ቢለወጥ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ሳይለወጥ ቢቀር ግን የሚከፈለው የሰው ሕይወት ነው።